ፊደል ያልቆጠሩት የቤት ዋርካ

 

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ማታ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ነርስነት አብረን ተምረን፣ በአንድ ጤና ጣቢያም ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን የሠራን ጓደኛዬ ናት። ጡረታ ስትወጣ ልጇ “እማዬ፣ ልጆቼን አንቺ አሳድጊልኝ” ብላ አሜሪካ ወሰደቻት። የምትኖረው ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

“አንቺ፣ እኔ እዚህ ምን ልሠራ መጣሁ?” አለችኝ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ። “ልጆቹ ‘ሃይ’ ይሉኛል፣ ‘ባይ’ ይሉኛል። በመካከል ያለውን ቀን ከግድግዳ ጋር ነው የማሳልፈው። በአማርኛ ሳወራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። እናታቸው መጥታ እስክታስተረጉምልኝ ልነግራቸው ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ያን ሁሉ ሰው ያዋለድኩ ሴትዮ በር ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ተመልሼ ልምጣ ወይ?”

ዝም ብዬ ሰማኋት። በእኛ ሙያ ሕመምተኛ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው፤ እኔም ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ በኋላ እነግራችኋለሁ። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ ቀለል አለ።

“ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከማዶ አንዲት አሮጊት አሉ፣ የሜክሲኮ ሰው ናቸው አሉኝ። እሳቸውም እንደ እኔ እንግሊዝኛ የላቸውም። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስንጠብቅ ጎን ለጎን ቆመን ፈገግ እንባባላለን፣ አለቀ። ትናንት ደጃፋቸው ላይ በጣሳ የተተከለ ነገር አይቼ ቀረብ ብዬ ባሸተው ጤና አዳም! ‘ሩዳ’ አሉኝ። ‘ጤና አዳም’ አልኳቸው። ቀንጥሰው ሰጡኝ። ማታ ቡናዬ ውስጥ ጨምሬ ስጠጣ አለቀስኩልሽ።”

እውነቷን ነው። ሜክሲኮዎች “ሩዳ” የሚሉት ተክል የእኛው የጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ነው። እናቶቻቸው ለሆድ ቁርጠት ያፈሉታል፣ ለሰው ዓይን መከላከያም ይሉታል። የት አገር እንዳለን እስክንጠራጠር ድረስ ነገሩ ከእኛ ቤት ጋር ይመሳሰላል።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሪካቸውን ያነበብኩት አንዲት የሜክሲኮ እናት ትዝ አሉኝ። በማግስቱ ደውዬ ታሪኩን አወራኋት፤ ሁለት ማታ ፈጀብን። እንደ እሷ በሰው አገር ቁጭ ብላችሁ ይህን የምታነቡ፣ ወይም እዚሁ በልጆቻችሁ ቤት “ከእንግዲህ ለምን እጠቅማለሁ?” የምትሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናችሁና፣ ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

እኚህ እናት ሁዋና ኤስትራዳ ቻቬዝ ይባላሉ። የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 በሰሜን ሜክሲኮ፣ ቺዋዋ በምትባለው ክፍለ ሀገር ነው። በእኛ 1884 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዓድዋ ከመድረሱ አራት ዓመት በፊት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገና በእቅፍ ሳሉ ቤተሰቦቻቸው ድንበር አሻግረው ወደ አሜሪካ አመጧቸው። ያኔ ድንበሩ ዛሬ በዜና እንደምናየው አጥርና ዘበኛ የሞላበት አልነበረም፤ የአሜሪካ የድንበር ጥበቃ ኃይል የተቋቋመው በ1924 ነው። ሰው ዘመድ ለመጠየቅም፣ እንጀራ ለመፈለግም ወዲያና ወዲህ ይል ነበር።

ወይዘሮ ሁዋና ያገቡት ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ባለቤታቸው አቶ ሊብራዶ ቻቬዝም ከዚያው ከቺዋዋ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። አባታቸው በአሪዞና፣ ዩማ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በጊላ ወንዝ ሸለቆ መሬት ይዘው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን እዚያ አሳድገዋል። በረሃ ነው፤ ፀሐዩ አይጣል ነው። ወይዘሮ ሁዋና በዚያ አካባቢ ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያዋ ሪታ በ1925 ተወለደች፤ ያኔ እሳቸው 33 ዓመት ገደማ ነበሩ። በ1927 ሴዛር፣ በ1929 ሪቻርድ፣ ከዚያም ሌሎቹ ተከተሉ። አንዲት ሴት ልጃቸው ግን በሕፃንነቷ ሞታባቸዋለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስለ ዘመኑ ስናወራ “የጥንት ሰው ጤነኛ ነበር፤ ሐኪም ሳያይ መቶ ዓመት ይኖር ነበር” እንላለን። ወይዘሮ ሁዋና 99 ዓመት መኖራቸው እውነት ነው። ግን ከዚያው ቤተሰብ አንዲት ልጅ በሕፃንነቷ ተቀብራለች። ረጅም ዕድሜ የኖሩትን እናያቸዋለን፤ ያልኖሩትን የሚያስታውሳቸው እናታቸው ብቻ ናት። ስለዚህ ክትባትና ጤና ጣቢያን ለጥንት ሰው ናፍቆት ብላችሁ አትተዉ።

ወይዘሮ ሁዋና በአካባቢው መድኃኒት ዐዋቂ ተብለው የሚታወቁ ነበሩ። ሐኪም ሩቅ ነው፣ ገንዘብም የለም። ልጁ የታመመበት፣ ሆዱን የቆረጠው ወደ እሳቸው ይመጣል። ቅጠልና ሥር ያውቃሉ። በሜክሲኮዎች ቤት ለሆድ ናናና የካሞሚል አበባ ይፈላል፣ እንደነገርኳችሁም ሩዳ አለ። እኛ ለምች ዳማከሴ እንደምንለው ማለት ነው።

ወጣት ነርስ ሳለሁ ይህን ነገር በጣም እጠላው ነበር። አሁን ያ በኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ላይ ደረስኩ። ተመርቄ ገጠር በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዲት አያት ተቅማጥ የያዘው የልጅ ልጃቸውን አዝለው ጤና ጣቢያ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ቅጠል ቋጥረዋል፤ ለልጁ ሲያጠጡት ሰንብተዋል። እኔ በተማርኩት ትምህርት ሰክሬ ቅጠሉን ከእጃቸው ነጥቄ ጣልኩት። ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት “ልጁን ልትገድይው ነው እንዴ!” ብዬ ጮህኩባቸው። እናቴ የሚሆኑትን ሴት “አንቺ” አልኳቸው። ለልጁ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠን ሰጠነው፣ ዳነ። አያትየው ምንም ሳይሉኝ አዝለውት ሄዱ።

ወር ሳይሞላ ሌላ የልጅ ልጃቸው በዚያው በተቅማጥ እቤት ሞተ። ለምን አላመጡትም ብዬ ብጠይቅ አንዷ ጎረቤታቸው “‘ያቺ ልጅ ዘንድ ሁለተኛ አልሄድም’ ብለው ነው” አለችኝ። በሕክምናው ትክክል ነበርኩ፤ አያቲቱን ግን ከበሩ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ ያን ቀን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ አሮጊት እናት ቅጠል ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ቁጭ እንዲሉ አደርጋለሁ፣ “እማማ፣ ይህ ምንድን ነው? ለምን ይሆናል?” እላለሁ፣ ከዚያ ነው የእኔን የምናገረው።

ስለ ጤና አዳም ከጠየቃችሁኝም፣ ቡና ላይ አንዲት ቅንጣት ጣል ማድረግ ሌላ ነው፤ አብዝቶ አፍልቶ መጠጣት ግን በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው፤ ማስወረድ ይችላል። ለትንንሽ ልጆችም አትስጡ።

ወደ ወይዘሮ ሁዋና ልመለስ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ዕውቀታቸው ሁሉ በቃል ነው። እንደ እኛ እናቶች ለሁሉም ነገር ተረትና ምሳሌ አላቸው። ልጆቹ ሲጣሉ፣ ሲዋሹ፣ ሲስገበገቡ አንድ አባባል ይወረውራሉ። በተለይ ስለ ጠብ አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ እምቢ ካለ ጠብ የለም፤ እግዚአብሔር ዓይንና አእምሮና ምላስ የሰጠህ ከክፉ ነገር እንድትወጣበት ነው ይሉ ነበር። ወንድ ልጅ ተመትቶ ካልመታ ወንድ አይደለም በሚባልበት አካባቢ ወንዶች ልጆቻቸውን እንዲህ ብለው አሳደጉ። እናንተም “መልሰህ ምታው” የሚለው ምክር በየቤታችን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ትምህርታቸው ዝክር ነው። ዝክር የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላ ስም ግን አላገኘሁለትም። ወይዘሮ ሁዋና ካቶሊክ ናቸው፤ ቅድስት ኤዱቪሄስን ይዘክሩ ነበር። ይህች ቅድስት በመካከለኛው ዘመን በፖላንድ ምድር የነበረች የመስፍን ሚስት ስትሆን፣ ሀብቷን ለድሆች ያዋለች ናት። በዓሏ ኦክቶበር 16 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 6 አካባቢ ይውላል። ያን ቀን ወይዘሮ ሁዋና ምግብ ያዘጋጁና ልጆቹን “ሂዱና የተራበ ሰው ፈልጋችሁ አምጡ” ብለው ይልካሉ። ዘመኑ ከ1929 ወዲህ አሜሪካን የመታው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። ሥራ ያጡ ሰዎች በዕቃ ባቡር እየተንጠለጠሉ ከከተማ ከተማ ይንከራተቱ ነበር። ሴዛርና ሪቻርድ ትንንሽ ልጆች ሆነው ወጥተው እነዚህን ሰዎች እየፈለጉ ወደ ቤት ይጠሩ ነበር። በሌላውም ቀን ቢሆን የመጣ ሰው ከደጅ በባዶ እጁ አይመለስም።

ልብ በሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ማድረስ ይችሉ ነበር። ልጆቹን ነው የላኩት። ድሃውን ፈልጎ ያገኘው፣ ያነጋገረው፣ እጁን ይዞ ያመጣው ልጁ ነው። ስለ ደግነት ቢሰብኩት ሊረሳ ይችል ነበር፤ በገዛ እግሩ ሄዶ ያደረገውን ግን አልረሳም፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ያወራው ነበር።

ከዚያ ቤቱ ፈረሰ። አቶ ሊብራዶ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ሰው ሲቸገር በዱቤ ይሰጣሉ፤ የተበደረው መክፈል አልቻለም፤ ሱቁ ከሰረ። ቀጥሎ የአባታቸው መሬት ግብር ስላልተከፈለበት በሐራጅ ተሸጠ። ልጆቹ እያዩ ትራክተር መጥቶ የከብቶቹን በረት ደረመሰው። በ1939 ቤተሰቡ ያለውን በአሮጌ መኪና ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ወይዘሮ ሁዋና ያኔ 47 ዓመታቸው ነው። በእኛ አነጋገር ለማረፍ በሚታሰብበት ዕድሜ ኑሮን “ሀ” ብለው ጀመሩ።

የካሊፎርኒያ ኑሮ አዝመራን እየተከተሉ መዞር ነበር። በአንዱ ወር አተር፣ በሌላው ቼሪ፣ ከዚያ ወይን፣ ከዚያ ጥጥ። አንዱን የብርድ ወቅት ኦክስናርድ በምትባል ከተማ በድንኳን አሳለፉ። ደመወዝ ሳይከፍላቸው የተሰወረ የሥራ ተቋራጭም ነበር። በእርሻው ላይ መጸዳጃ የለም፣ ንጹሕ የሚጠጣ ውኃም ብዙ ጊዜ የለም። በዚያ አገር ሠራተኛ የሚሰጠው አንድ ዶማ ነበር፤ እጀታው ከክንድ የማይረዝም ነውና ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ እንጂ ቀና ብሎ አይሠራበትም። በስንት ሰው ወገብ ላይ ምን እንዳደረሰ ለነርስ አይነገርም። ካሊፎርኒያ ያን ዶማ የከለከለችው በ1975 ነው።

ልጆቹ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞሩ ከሠላሳ በላይ ትምህርት ቤት ቀያየሩ። በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። የእናት ቋንቋ የሚያስገርፍ ሆነ ማለት ነው። ግን ማታ ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ እናታቸው የሚያወሩት በዚያው በስፓኒሽ ነው፣ ምሳሌውም ተረቱም በስፓኒሽ ነው። ጓደኛዬ፣ ይህን ስነግራት በስልኩ ውስጥ ዝም አለች።

በ1942 አቶ ሊብራዶ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። ሴዛር ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ “እናቴ ፀሐይ ላይ አትውልም” ብሎ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻ ገባ፤ 15 ዓመቱ ነበር። ወይዘሮ ሁዋና ልጆቻቸው እንዲማሩ አጥብቀው የሚፈልጉ እናት ነበሩና፣ ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል።

በመጨረሻ ቤተሰቡ ሳን ሆዜ ከተማ፣ መንገዱ ጭቃ በሆነ ድሃ ሰፈር ረጋ። ሰፈሩን ሰው “ሳል ሲ ፑዌዴስ” ይለው ነበር፤ “ከቻልክ ውጣ” እንደ ማለት ነው። ሴዛር በ1952 በዚያ ሰፈር የኅብረተሰብ ሥራ ጀመረ። በ1962 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረተ። አናጺ የነበረው ሪቻርድ ደግሞ በማኅበሩ ባንዲራ ላይ ያለችውን ጥቁር ንስር ሣለ። ታላቅ እኅታቸው ሪታም በሳን ሆዜ የሰፈሩ ሥራ ተካፋይ ነበረች። በ1965 የወይን ለቃሚዎች አድማ ተጀመረ፤ አምስት ዓመት ፈጀ። በ1970 የወይን እርሻ ባለቤቶች ከሠራተኞቹ ጋር ውል ፈረሙ።

በመካከል፣ በ1968፣ አድማው ሲረዝም አንዳንድ ሠራተኞች ተማርረው “እንግዲህ በኃይል ነው” ማለት ጀመሩ። ሴዛር መልስ የሰጠው በጾም ነው። 25 ቀን እህል ሳይቀምስ ውሎ አደረ። ጾሙን የፈታው ማርች 10 ቀን ዴላኖ በምትባል ከተማ፣ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ነው። ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ አብሮት ተቀምጧል። የዚያ ቀን ፎቶግራፍ ዓለም ያውቀዋል። ፎቶውን ካገኛችሁት አንድ ነገር ተመልከቱ። በስተጎኑ የተቀመጡት አሮጊት እናት ወይዘሮ ሁዋና ናቸው፤ 75 ዓመታቸው ነበር። ሴዛር በኋላ ስለ ጋንዲ ብዙ አንብቧል፤ “አትማታ” የሚለውን የመጀመሪያ ትምህርት ግን ከእናቱ እንዳገኘው ተናግሯል። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተማሪውና ተማሪው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው።

የልጃቸውን ዝና ለማውራት አይደለም ይህን የጻፍኩት። ሴዛር ፍጹም ሰው አልነበረም፤ የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በማኅበሩ አመራር ላይ የፈጸማቸውን ስሕተቶችም ጽፈዋል። የልጅ ዕዳ የልጅ ነው። እኔን የገረመኝ የእናቲቱ መንገድ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፣ መሬታቸውን አጥተዋል፣ ልጅ ቀብረዋል፣ ልጆቻቸው የእሳቸውን ቋንቋ በመናገራቸው ተቀጥተዋል። ለልጆቻቸው ያወረሱት ቤት የለም፣ ብር የለም። የነበራቸው ሦስት ነገር ነው፤ ለተራበ ሰው የሚቆረስ ምግብ፣ በሰዓቱ የሚነገር ምሳሌ፣ ለታመመ የሚፈላ ቅጠል። እነዚህን ሦስቱን ሳይሰለቹ ለስልሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ደጋገሙ።

ወይዘሮ ሁዋና በዲሴምበር 1991 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሳን ሆዜ በጓዳሉፔ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተጸለየላቸው፤ ልጃቸው ሴዛርም ስለ ሕይወታቸው ተናገረ። የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ቀበሯቸው። ሴዛር ከእናቱ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በኤፕሪል 1993 ከተወለደበት ከዩማ ብዙም በማይርቅ ቦታ እንደ ተኛ በ66 ዓመቱ ሞተ።

ታሪኩን ስጨርስ ጓደኛዬ “እሳቸውስ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ቋንቋ ይግባባሉ” አለችኝ። አልዋሸኋትም፤ ልክ ነሽ አልኳት። የወይዘሮ ሁዋና ልጆች ስፓኒሽ ይሰማሉ፤ የእሷ የልጅ ልጆች አማርኛቸው ግማሽ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። ግን ልጅ የተራበ ሰው ፍለጋ ሲላክ ሰዋስው አያስፈልገውም አልኳት።

እዚህ ላይ አያቶቻቸውን በቤታቸው ያኖሩ ልጆችንም ላነጋግር፤ ይህ አምድ የእናንተም ነውና። እናታችሁን ካመጣችሁ ቤቱ ውስጥ የእሷ የሆነ፣ ማንም የማይነካባት ሥራ ስጧት። “አንቺ ዕረፊ፣ ምንም አትንኪ” የሚለው ደግነት ሰውን ያደክማል። በልጆቻችሁ ፊት አነጋገሯን፣ ቅጠሏን፣ አበሳሰሏን አታርሙ፤ ስሕተት ካለ ለብቻ ንገሯት። እኔ በአንድ ቀን ጩኸት ምን እንዳጠፋሁ ነግሬያችኋለሁ።

በጤናዋም በኩል ተከታተሉ። “አትሰማም፣ ትረሳለች” ከማለታችሁ በፊት ጆሮዋንና ዓይኗን አስመርምሩ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷን እዩ፤ ባህላዊ ቅጠል የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፤ አንዳንዱ ከመድኃኒት ጋር አይስማማም። በየቀኑ ትንሽ ከቤት ወጥታ በእግሯ ትሂድ። ምግብ ካስጠላት፣ እንቅልፍ ካጣች፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ካልጣማት፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት። ድብርት በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው።

ለእናንተ ለእኩዮቼ ደግሞ የምለው አንድ ነው። ሳትጠየቁ አውሩ። ልጆቹ ባይገባቸውም አውሩ። የእናቴን የመጨረሻ ሁለት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ። ግፊቷን በየቀኑ ለክቼ በደብተር እጽፍ ነበር፤ ደብተሩ ዛሬም አለ። እናቷ ማን ትባል እንደነበረ፣ ከመንደሯ ለምን እንደወጣች ግን አልጠየቅኳትም። “ነገ” እያልኩ ነበር። አሁን የልጅ ልጄ ሲጠይቀኝ የምሰጠው ቁጥር ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ መልሳ ደወለች። በማርያም ቀን ድፎ ዳቦ ደፍታ ኖሮ፣ ለሰባት ዓመቱ የልጅ ልጇ ቆርሳ በሳህን ሰጥታ ወደ ማዶዋ አሮጊት ላከችው። ልጁ መጀመሪያ አልሄድም ብሎ አኩርፎ ነበር። ሄደና ሳህኑን በበቆሎ ልጣጭ በተጠቀለለ ታማሌ ሞልቶ ተመለሰ። ከዚያ ወጥ ቤት ቆሞ “እማማ፣ ይሄ ለምን?” አላት፤ በአማርኛ። ስለ ዝክር ነገረችው። ምን ያህሉ እንደ ገባው አታውቅም። በሚቀጥለው ወር ግን እሱ ራሱ እንደሚያደርስ ነግሯታል፤ ታማሌውን ስለወደደው ይሁን ሌላ ምክንያት ኖሮት አላጣራችም።

“ታዲያ ትመለሻለሽ ወይስ ትቆያለሽ?” አልኳት።

“ገና አልቆረጥኩም” አለችኝ። “የጤና አዳሙን ግን በጣሳ ተክየዋለሁ። እስኪይዝልኝ ልይ።”

እናንተም በቤታችሁ ያሉትን እናት ወይም አባት በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው። የደም ግፊታቸውን ከለካችሁ በኋላም ቢሆን።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።